ሚዳዞላም፣ ፌንታኒልና ፕሮፖፎል አከታትዬ ሰጥቼ ግፊት ወረደብኝ፤ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?

የማታ ተረኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሰመመን ባለሙያ ነኝ፣ ከተመረቅኩ 2 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ያጋጠመኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

ታካሚዋ የ67 ዓመት እናት ናቸው፣ ክብደታቸው 52 ኪሎ። ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ነው የገቡት። የደም ግፊት አለባቸው፣ ኢናላፕሪል ይወስዳሉ፣ የዚያን ቀን ጠዋትም ውጠው ነው የመጡት። እሱን ከዋጡባት አንድ ጉንጭ ውሃ በቀር ከማታ 2 ሰዓት ጀምሮ ምንም በአፋቸው አልዞረም፣ ተራቸው የደረሰው ደግሞ ቀን 6 ሰዓት ላይ ነው።

ክፍል ሲገቡ ግፊታቸው 156/92 ነበር። በጣም ፈርተው ስለነበር 2 ሚሊ ግራም ሚዳዞላም ሰጠኋቸው። ቀጥዬ የሕመም ማስታገሻውን ፌንታኒል 100 ማይክሮ ግራም፣ ወዲያው ማስተኛውን ፕሮፖፎል 120 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ ጡንቻ ማላያውን ሰጥቼ የመተንፈሻ ቱቦውን ያለችግር አስገባሁ። ማሽኑ በየ5 ደቂቃው እንዲለካ ነበር የተውኩት። ቱቦ ከገባ በኋላ የመጣው ቁጥር 70/38፣ የልብ ምት 58። እጄ ተንቀጠቀጠ። ፈሳሽ ለቀቅኩ፣ እግራቸውን ከፍ አደረግን፣ የቀጠነ አድሬናሊን በትንሽ በትንሹ ሰጠሁ፣ ተመለሰ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ነቅተው ወጡ።

እያንዳንዱን መድኃኒት ለብቻው ሳየው መጠኑ መጽሐፍ ላይ ያለው ነው። ታዲያ አብረው ሲሆኑ ለምን እንዲህ ያደርጋሉ? ማደባለቁ ራሱ ነው ስህተቱ?

ነባር፦

ወንድሜ፣ እናታችን በሰላም መውጣታቸው ደስ ይላል። ደፍረህ ስለጻፍከው ደግሞ አመሰግንሃለሁ፣ ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ውጠን ነው የምናልፈው።

ማደባለቁ ስህተት አይደለም። ሁላችንም እንደባልቃለን። ችግሩ አንዱን ስትጨምር ሌላውን አለመቀነስህ ነው። ፕሮፖፎል በኪሎ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም የሚለው ለጤነኛ ጎልማሳ ነው። ያንተ ሲሰላ በኪሎ 2.3 ይመጣል። በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው ብቻውን እንኳ ቢሰጥ ከ1 እስከ 1.5 ነው የሚበቃው፣ ሚዳዞላምና ፌንታኒል ቀድመው ከገቡ ደግሞ ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል።

ምክንያቱን ላስረዳህ። ሚዳዞላምና ፕሮፖፎል ሁለቱም የሚሠሩት አንጎል ውስጥ ጋባ በሚባለው ተቀባይ ላይ ነው፣ የሚይዙት ቦታ ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ያበረታዋል፤ አንድና አንድ ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ይሆናል። ፌንታኒል ደግሞ በሌላ መንገድ መጥቶ እዚያው ላይ ይጨምርበታል።

ግፊቱ ላይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፕሮፖፎል የደም ስሮችን ያላላል፣ በተለይ ደም መላሾቹ ሲሰፉ ደሙ እዚያው ይጠራቀምና ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል። በጤናው ጊዜ ግፊት ሲወርድ ልብ ፈጥኖ ያካክሳል፣ ፕሮፖፎል ግን ይህን ማካካሻም ያደነዝዘዋል። ፌንታኒል በበኩሉ ልብን ያዘገያል። 70/38 ሆኖ ምቱ 58 ላይ የቀረው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ቱቦ ካስገባህ በኋላ በማሽን አየር ስትነፋ ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና የሚመለሰውን ደም ይበልጥ ይቀንሰዋል።

ያታለለህ ደግሞ 156 የምትለዋ ቁጥር ትመስለኛለች። እሳቸው 16 ሰዓት ያልጠጡ፣ ደማቸው የቀነሰ ሰው ናቸው፣ ግፊታቸውን ከፍ አድርጎ የያዘው ፍርሃት ነው። ሚዳዞላም ብቻውን ግፊትን ብዙም አይነካም፣ ከፌንታኒል ጋር ሲሆን ግን ያንን ደግፎ የያዘውን ነገር ይነቅለዋል። ኢናላፕሪሉ ደግሞ ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለውን ሌላ ማካካሻ አስቀድሞ ዘግቶታል። ልብ በል፣ መድኃኒቶቹ ሦስት ቢሆኑም የግፊቱ ጠላቶች ከዚያ በላይ ነበሩ።

ጊዜውንም እንዳትረሳ። ሚዳዞላምም ፌንታኒልም ጉልበታቸው ጫፍ ላይ ለመድረስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋሉ፣ ፕሮፖፎል ግን ፈጣን ነው። አከታትለህ ስትሰጥ ሁሉም አንድ ላይ ይደርሳሉ። ያም የሚሆነው ቱቦው ገብቶ፣ ሐኪሙ ገና እጁን እየታጠበ፣ ታካሚዋን የሚቀሰቅስ ምንም ነገር በሌለበት ሰዓት ነው። ግፊት ብዙ ጊዜ የሚወርደው እዚያች ክፍተት ላይ ነው። ቢላው ቆዳ ሲነካ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል።

ከባሕር ማዶ፦

ነባር ያለው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። የምሠራው አሜሪካ ነው፣ ትምህርቴን ግን አገር ቤት ነው የጀመርኩት፣ ስለዚህ ሁለቱንም አውቃለሁ።

አንደኛ፣ በየ5 ደቂቃው የሚለካ ማሽን ኢንዳክሽን (ታካሚን ማስተኛት) ላይ ዓይን እንደመጨፈን ነው። በየ1 ደቂቃው አድርገው፣ ቆዳ እስኪቀደድ ድረስ አትቀይረው። 70/38 ማለት አማካይ ግፊቱ 49 አካባቢ ነው፣ ከ65 በታች መቆየት ደግሞ ለኩላሊትም ለልብም ጥሩ አይደለም። መቼ እንደጀመረ እንኳ አታውቅም።

ሁለተኛ፣ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት ሳይቀዳ አትጀምር። እዚህ ፌኒሌፍሪንና ኤፈድሪን በሲሪንጅ ተቀድተው ጠረጴዛው ላይ ካልተቀመጡ እኔ ታካሚ አላስተኛም። የልብ ምት ዝቅ ካለ ኤፈድሪን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ምቱ ፈጣን ከሆነ ፌኒሌፍሪን ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ግራም። ሁለቱም በሌሉበት ቦታ 1 ሚሊ ግራም አድሬናሊን 100 ሚሊ ሊትር ሳላይን (የጨው ውሃ) ውስጥ ጨምሩት፣ በየሚሊ ሊትሩ 10 ማይክሮ ግራም ይሆናል፣ ከዚያ ግማሽ ወይ አንድ ሚሊ ሊትር እየሰጡ ማየት ነው። ግን ስሙንና መጠኑን በጉልህ ጻፉበት! ማንም ሰው ተራ ሳላይን መስሎት ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የገባችውን ቀጭን ቱቦ) ሊያጥብበት ይችላል። ይህን ስጽፍ በጣም ነው የምለምናችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በ2005 (በፈረንጆቹ) ከኒውዮርክ የወጣ የታወቀ ጥናት አለ፣ ከኢንዳክሽን በኋላ ግፊት የሚወርድባቸው እነማን እንደሆኑ ያየ። ዕድሜ ከ50 በላይ፣ ሌላ ከባድ ሕመም ያለባቸው፣ መጀመሪያውኑ አማካይ ግፊታቸው ከ70 በታች የሆነ፣ በፕሮፖፎል የተኙ፣ ፌንታኒሉም የበዛባቸው። ያንተ ታካሚ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን እንደያዙ ቁጠር።

ኬታሚን ወዳጅ፦

ማንም ሌላውን ማስተኛ መድኃኒት፣ ኬታሚንን፣ ስላላነሳ ገረመኝ። እኔ እንዲህ ላለ ታካሚ ኬታሚን በኪሎ ግማሽ ሚሊ ግራም፣ ፕሮፖፎል በኪሎ 1 ሚሊ ግራም ነው የምሰጠው። አንዱ ግፊትን ሲያወርድ ሌላው ያነሳል፣ ሁለቱም በትንሽ መጠን ስለሆኑ የየራሳቸው ጉዳት ይቀንሳል። ኬቶፎል የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ሲሪንጅ ውስጥ የሚቀላቅሉ አሉ፣ እኔ ግን ለየብቻ ነው የምቀዳው፣ አንዱን ብቻ መጨመር ስፈልግ እንዲመቸኝ።

ኬታሚን ደግሞ በኛ አገር ሌላው መድኃኒት ሲጠፋ እንኳ የሚገኝ ነው።

ነባር፦

እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ኬታሚን ግፊት የሚያነሳው የሰውነትን የራሱን አድሬናሊን አስወጥቶ ነው። ለቀናት ታምሞ የተንጠፈጠፈ ሰው፣ ለምሳሌ አንጀቱ ተቀዶ በሦስተኛ ቀኑ የመጣ፣ የሚያስወጣው የለውም። እንዲህ ላለው ኬታሚን በቀጥታ ልብን ሊያደክም ይችላል። ለእሱም መጠኑን ቀንሱ። የልብ ደም ስር ጥበት ያለበት ሰው ላይም ልቡ እንዳይፈጥን አስቡ።

ልጃቸው ነኝ፦

ይቅርታ፣ ባለሙያ አይደለሁም። እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት ኦፕራሲዮን አላት፣ እሷም ኢናላፕሪል ትወስዳለች። አንብቤ ፈራሁ። መድኃኒቱን ላስቆማት?

ነባር፦

አይዞሽ። በራስሽ እንዳታስቆሚያት። ብዙዎቻችን ኢናላፕሪል ከ24 ሰዓት በፊት ቢቆም እንመርጣለን፣ ግን ለልብ ድካም የምትወስደው ከሆነ ነገሩ ይለያል፣ ሌሎች የግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ጨርሶ መቆም የሌለባቸው አሉ። የምትወስደውን ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘሽ ሰመመን የሚሰጣትን ሰው ጠይቂ። ውሃንም ጠይቂው። ሌላ ችግር ከሌለ ንጹህ ውሃ ከሰመመን 2 ሰዓት በፊት ድረስ ይፈቀዳል፣ ምግብ ነው 6 ሰዓት የሚያስፈልገው። አሮጊት እናቶች ጾመኛ ስለሆኑ አይከብዳቸውም እያልን ከማታ ጀምሮ እናስጠማቸዋለን፣ ይህ ልማድ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የማታ ተረኛ፦

ነባር፣ ያሉኝን ሁሉ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር። ዛሬ የ64 ዓመት እናት ለእንቅርት ኦፕራሲዮን ገቡ፣ 50 ኪሎ። ጠዋት ውሃ እንዲጠጡ አስደረግኩ። ሚዳዞላም አልሰጠሁም፣ እጃቸውን ይዤ ስለ ልጅ ልጆቻቸው አወራን። ፌንታኒል 50 ማይክሮ ግራም ሰጥቼ 3 ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ፕሮፖፎል 20 ሚሊ ግራም በ20 ሚሊ ግራም እያልኩ ዓይናቸውን ሳይ፣ 60 ላይ ተኙ። ስልሳ! እኔ የቀዳሁት 150 ነበር። ግፊታቸው ከ148/86 ወደ 116/70 ወረደና እዚያው ቆመ። ቱቦ ሲገባ ግን 164 ደርሶ ነው የተመለሰው። እሱስ ችግር የለውም?

ነባር፦

አጭር ከሆነ አያሳስብም። ልባቸው ደህና ከሆነ 1 ወይም 2 ደቂቃ የቆየ ጭማሪን ይችሉታል። ማለስለስ ከፈለግክ ሊዶካይን በኪሎ 1.5 ሚሊ ግራም፣ ቱቦውን ከማስገባትህ አንድ ደቂቃ ተኩል ቀድመህ ስጥ። ፌንታኒሉን ወደ 100 ከመመለስ ያ ይሻላል።