አለቃ አዲስ ሠራተኛን ሲያስቸግር ያየ ባልደረባ እንዴት ይግባበት?

ከንብረት ክፍል፦
ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የግል ድርጅት የንብረት ሠራተኛ ነኝ። ከወር በፊት አንዲት ወጣት በገንዘብ ያዥነት ተቀጥራ ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል ትሠራለች። የክፍሉ ኃላፊ ሰነድ የሚያይ መስሎ ከኋላዋ ይቆምና እጁን ትከሻዋ ላይ ያሳርፋል፤ እሷም ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው እየሳበች ትሸሻለች። ትናንት በመውጫ ሰዓት «አምሺና ሒሳቡን አብረን እንዝጋ» ሲላት እየሰማሁ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። የሙከራ ጊዜዋን ስላልጨረሰች ብናገር ጦሱ ለእሷ እንዳይተርፍ እፈራለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ለራሴም እፈራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቀድሞ ጸሐፊ፦
ወንድሜ፣ እኔም በእሷ ቦታ ነበርኩ። ያኔ ያተረፈኝ አለቃውን የገሠጸ ሰው አልነበረም። በመዝገብ ቤት የሚሠሩ አንዲት እናት፣ እሱ ወደ እኔ በመጣ ቁጥር ፋይል ይዘው ይገቡና «ልጄ፣ ይህ ቁጥር አልገጠመልኝም፣ እስቲ እይልኝ» እያሉ አጠገቤ ይቀመጡ ነበር፤ እሱም ጥቂት ተቁነጥንጦ ይወጣል። እርስዎም የዕቃ ወጪ ደረሰኝ አያጡምና እንዲሁ ያድርጉ፤ አምሺ ባላት ቀን ደግሞ እርስዎም ሥራ አለኝ ብለው ያምሹ። ከዚያ ለብቻዋ ሲያገኟት ያዩትን ነግረው ምን እንዲደረግ እንደምትፈልግ ይጠይቋት። እኔን ሳያማክር በሰው ፊት የጮኸልኝ አንድ ባልደረባ ነበር፤ በማግስቱ የቢሮው ሁሉ መነጋገሪያ የሆንኩት ግን እኔ ነበርኩ።

የማኅበር ተመራጭ የነበርኩ፦
የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን በአሠሪውም በሠራተኛውም ላይ ከልክሏል። ትንኮሳውን የፈጸመው አሠሪው ወይም የሥራ መሪ ከሆነ፣ ተበዳይዋ ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን ልትለቅና የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ ልትጠይቅ ትችላለች፤ ሆኖም ይህ መብት ድርጊቱ በተፈጸመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብም ሆነ በክስ ሂደት መሳተፍ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ ስለሚደነግግ፣ የእርስዎ ምስክርነትም ጥበቃ አለው። ይህ በወረቀት ነው። በ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ውስጥ ግን «ለሥራው ብቁ አይደለችም» ብሎ ማሰናበት ቀላል በመሆኑ የእሷን ፈቃድ ሳያገኙ አቤቱታ አይጻፉ። ያዩትን ግን ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባለውን ቃል ሳይቀር በዕለቱ በራስዎ ደብተር ይመዝግቡ፤ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ አያስቀምጡ።

እንግዳ፦
በስልክ ቀርጾ ማሰራጨት አይሻልም? አለቃው እንኳ ያፍራል።

የቀድሞ ጸሐፊ፦
አይሻልም። ቪዲዮው ላይ የምትታየው እሷም ናት፤ ቤተሰቧ ከቢሮው በፊት ሊያየው ይችላል።

ከንብረት ክፍል፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ዛሬ አመሸሁ። ኃላፊው «አንተ ደግሞ ምን ቀረህ?» ቢለኝ «የወሩ ቆጠራ» ብዬ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቦርሳውን አንሥቶ ሄደ። እስከ ታክሲ ተራ ሸኝቻት ስጠይቃት፣ ለጊዜው መክሰስ እንደማትፈልግ፣ ቀኖቹን ግን እንድጽፍላት ነገረችኝ። የትናንቱን ጽፌያለሁ፤ አንገቴን ደፍቼ መውጣቴንም ጭምር።