ፖሊስ ሰልፍ ከለከለን፤ ፍርድ ቤት ያየዋል?

ጠያቂ፦ ሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ስለከረመ ሰልፍ ልንወጣ ነበር። ደብዳቤውን ለከተማ አስተዳደሩ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የፖሊስ አዛዡ ግን ደውሎ «የሰው ኃይል የለንም፣ አይቻልም» ብሎ ዘጋብኝ። ልክሰስ ወይስ ድካም ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሰላማዊ ሰልፍ አዋጁ (ቁጥር 3/1983) የሚለው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ አሳውቁ ነው። አስተዳደሩ ሌላ ቦታ ወይም ጊዜ ከፈለገ ምክንያቱን ጽፎ በ12 ሰዓት ውስጥ ይመልሳል። ጭራሽ አይደረግም ማለት አይችልም።

ሌላ መልስ፦ ወረቀቱ ላይማ ያምራል! ዳኛው «ክልከላው የታለ?» ቢልህ ስልክህን ልታሳየው ነው? ክልከላውን በጽሑፍ እንዲሰጡህ ጠይቃቸው።

ጠያቂ፦ ቅጂዬ ላይ የመዝገብ ቤት ማህተም አለ፤ ይበቃል?

መልስ፦ ማስገባትህን ያስረዳል፣ መከልከልህን ግን አያስረዳም። ደግሞ የሰልፉን ቀን ራቅ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ የችሎት ቀጠሮ ሰልፉን አልፎ ነው የሚመጣው።