ሌሊት ስኳሯ ለሚወርድ ልጄ ውሻ ላዳቅል ብዬ ነበር፤ የምታውቁ ምከሩኝ

የቢሺሼዋ እናት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጄ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም አለባት። ኢንሱሊን ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆናት። ቀን ቀን ብዙም አልቸገርም፤ ራሷ «እማ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ» ትለኛለች። ፈተናው ሌሊት ነው። ተኝታ ሲወርድባት አትነቃም።

ኩኪ የምትባል ሴት ውሻ አለችን። ላብራዶር ክልስ ናት። ወንድሜ ቡችላ ሆና ከአዲስ አበባ አመጣልኝ፣ አሁን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። የምታድረው በረንዳ ላይ ነው፣ የልጅቷ መስኮትም ወደዚያው ነው የሚከፈተው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በሩን ትቧጥጣለች፣ ታላዝናለች። ጅብ አይታ ነው ብዬ ተውኳት። እሷ ግን አልተወችኝም። ተበሳጭቼ ስከፍት በእግሬ መሃል ሾልካ ቀጥ ብላ ልጅቷ አልጋ ጋ ሄደች። ልጄ ሹራቧ በላብ ርሷል፣ ስጠራት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትከድነዋለች። ስለካት ስኳሯ 48! (ከ70 በታች ወርዷል ማለት ነው።) ስኳር በጥብጬ አጠጣኋትና ነቃች። እኔ ግን እስኪነጋ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።

በውጭ አገር ስኳር ሲወርድ የሚያስጠነቅቁ ውሾች እንዳሉ ከዚያ በኋላ አነበብኩ። ወደ ጅሬን መውጫ ያለ የባለቤቴ ጓደኛ ወንድ ጀርመን ሼፐርድ አለው። ግቢ ጠባቂ ነው፣ ሰው አያስጠጋም፣ ግን ብልህ ነው ይላል። «ኩኪን በነፃ ላስጠቃልሽ፣ ሁለት ቡችላ ትሰጪኛለሽ» ብሎኛል። ላዳቅላት? ከቡችሎቹ አንዱን ለልጄ ማሠልጠን እችላለሁ? ሌላው ጣጣ አማቴ ናቸው። አብረን ነው የምንኖረው፣ ይሰግዳሉ፣ ውሻ ቤት ውስጥ ማየት አይፈልጉም።

እዚሁ ጅማ ያለሁ የእንስሳት ሐኪም

እህቴ፣ እንኳን ልጅሽ ተረፈች። ስለ ማዳቀሉ ግን ቆይ ልበልሽ።

ጀርመን ሼፐርድ ዘሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። መጀመሪያ ዓይነ ስውራንን እንዲመሩ ከሠለጠኑት ውሾች መካከል እሱ አለበት፤ በፈረንጅ 1916 ጀርመን ኦልደንበርግ ላይ በጦርነቱ ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። እኔ የምፈራው ዘሩን ሳይሆን ይሄንን አንዱን ውሻ ነው። «ሰው አያስጠጋም» ያልሽው እንደ ሙያ ይወራለታል እንጂ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ፍርሃት ነው ያለው። ፍርሃት ደግሞ በዘር ይወረሳል። ለሕመምተኛ ልጅ የሚሆን ውሻ ነርስ መርፌ ይዛ ስትገባ የማይነክስ፣ ባጃጅ አጠገቡ ጥሩምባ ሲነፋ የማይበረግግ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ነገር ዳሌ ነው። ላብራዶርም ሼፐርድም የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት ያጠቃቸዋል፣ ይሄም ይወረሳል። ደንበኛ አርቢዎች ሁለቱም ወላጆች ሁለት ዓመት ሞልቷቸው ዳሌያቸው በራጅ ሳይታይ አያዳቅሉም። የጓደኛችሁ ውሻ ራጅ ተነስቷል? አይመስለኝም። ኩኪን እንኳ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ወስደሽ አስመርምሪያት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ በየዓመቱ መታደስ አለበት፣ አደራ። ሌሊት ልጅ አጠገብ የምትተኛ ውሻ ናት። ለበዓል ስታርዱ ደግሞ ጥሬ ሳንባና ጉበት እንዳትጥሉላት። የእጭ ከረጢት ካለበት ትሉ እሷ ሆድ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ወደ ሰው ይመለሳል።

ውሻ አሠልጣኝ (አዲስ አበባ)

እውነቱን ልናገር፣ የሠራሁት ከጥበቃ ውሻና ከሽታ አነፍናፊ ጋር ነው። ለስኳር ሕመምተኛ ውሻ አሠልጥኜ አላውቅም። የሽታው ሥራ ግን መሠረቱ አንድ ነው።

አንድ ነገር ገርሞኛል። ኩኪ ራሷ ሌሊት ቀስቅሳሽ ሳለ አንቺ ገና ስላልተወለደ ቡችላ ታስቢያለሽ! ሂሳቡን ልሥራልሽ። እርግዝናው 63 ቀን ገደማ ነው። ከእናቱ የሚለየው ቢያንስ 8 ሳምንት ሲሆነው ነው። ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ሰውን፣ ድምፅን፣ መኪናን፣ ሁሉን የሚለምድበት ነው፤ ያ ካለፈ ማስለመዱ ይከብዳል። ሙሉ ሥራ የሚይዘው ከዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። በውጭ ያሉት ትምህርት ቤቶች ለዚሁ ብለው ለትውልድ መርጠው ካዳቀሏቸው ቡችሎች እንኳ ግማሽ ያህሉ ሳይመረቁ ይቀራሉ። አንቺ የምታገኚው ስድስት ሰባት ቡችላ፣ የምትፈልጊው አንድ፣ ቀሪዎቹን የምታበዪው ደግሞ ራስሽ።

ስለዚህ መጀመሪያ ኩኪን ፈትኛት። ደብተር ግዢ። በጠራችሽ ቁጥር ሰዓቱን ጻፊ፣ ልጅቷን ለኪ፣ ቁጥሩን ጻፊ። ሳትጠራሽም ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አላርም ሞልተሽ ለኪ፣ ያለፈቻቸውን የምታውቂው በዚያ ነው። ሦስት ሳምንት እንደዚህ አድርጊና ተመለሺ።

ጎን ለጎን ናሙና ያዢ። ከ70 በታች ስትሆን መጀመሪያ ስኳሯን ስጫት፤ ከዚያ አንዱ ሰው በንጹህ ጥጥ አንገቷንና ግንባሯን ይጥረግ። ጥጡን ክዳኑ በሚጠብቅ ትንሽ የማርማላታ ብርጭቆ አድርጊ፣ ላዩ ላይ ቁጥሩንና ቀኑን ጽፈሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። ስኳሯ ደህና ሲሆንም እንዲሁ ያዢ። ውሻዋ ሁለቱን መለየት አለባት፤ አለበለዚያ የምትማረው የልጅሽን ጠረን እንጂ የመውረዱን ጠረን አይደለም። መብራት ጠፍቶ የቀለጠውን ጣዪ።

ሠፈር አዋቂ

የሀበሻ ውሻ ምን አጠፋ? አፍንጫ የለውም?

ውሻ አሠልጣኝ (አዲስ አበባ)

አፍንጫውማ ሞልቷል ወንድሜ። የጎደለው እርባታ ነው። ከሰው ጋር ተጣብቆ እንዲሠራ ብሎ ለትውልድ የመረጠው የለም፣ ግቢ ጠብቆ ፍርፋሪ እንዲበላ ነው የኖረው። ከመሃላቸው ግን ድንቅ ውሻ ይወጣል፤ አንድ በአንድ ማየት ነው። ላብራዶር የሚወደደው ሆዳም ስለሆነ ነው ብል አትሳቁ። ለአንድ ቁራሽ እንቁላል መቶ ጊዜ ይደግምልሃል።

ስለ ሆዳምነት ካነሳን፣ ለኩኪ ወጥ አትስጫት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ጅማ ስለሆንሽ ደግሞ የቡናውን አተላ ጓሮ ስትደፊ ተጠንቀቂ፣ ካፌኑ ለውሻ መርዝ ነው።

ከስኳር ጋር 19 ዓመት (ሄርማታ)

እኔ ሕመምተኛው ልናገር። ውሻውን አልቃወምም፣ ነገር ግን ማንም ውሻ መለኪያውን አይተካም።

ነገሩ ተረት አይደለም። በፈረንጅ 2016 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ዓይነት 1 ያለባቸው 8 ሴቶች ላይ ስኳር ሲወርድ ከትንፋሽ ጋር አይሶፕሪን የሚባል ጠረን እንደሚጨምር አይተዋል። ውሾቹ የሚያሸቱት እሱን ሊሆን ይችላል ነው ያሉት። በ2019 ደግሞ ብሪታንያ ውስጥ 27 የሠለጠኑ ውሾች ተፈትሸው መሃል ላይ ያለው ውሻ ከ100 መውረድ 83ቱን ነው የያዘው። ጥሩ ነው። ግን 17ቱስ? ከውሻ ውሻ ደግሞ ልዩነቱ ሰፊ ነበር። ያውም እነዚያ የሠለጠኑት ናቸው።

ስለዚህ ስትጠራሽ ለኪ፣ ካልጠራችሽም ለኪ። ከ70 በታች ከሆነች ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት። መዋጥ ካልቻለች ወይም ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም አትጨምሪ፣ ተሸክመሽ ወደ ሆስፒታል ሩጪ። እናቴ ማር በግድ አፌ ውስጥ ከታ ትንታ ሊገድለኝ ነበር፤ የጅማ ማርም ቢሆን ሳንባ ውስጥ አይጣፍጥም።

ሌላው፣ ሌሊት ተደጋግሞ መውረድ ጤናማ አይደለም። የማታው መጠን በዝቶባት ሊሆን ይችላል። ደብተሩን ይዘሽ ሐኪሟ ጋ ሂጂ፤ ራስሽ ግን እንዳትቀንሺ።

የኮቺ ልጅ

ስለ አማትሽ እኔ ልመልስ፣ የእኔም እናት እንደሳቸው ናቸው። በያዝነው መዝሀብ (በምንከተለው የእስልምና ሕግ መንገድ) ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ምራቁ ነው ጣጣው። ግን ለአደን፣ ለከብትና ለእርሻ ጥበቃ ውሻ መያዝ ተፈቅዷል። የልጅን ነፍስ መጠበቅ ከዚህ ያንሳል ወይ ብለሽ ለምታምኚው ሸህ አቅርቢ። አማትሽም አብረው ይስሙ፣ ካንቺ ሲሰሙና ከሸሁ ሲሰሙ አንድ አይደለም። የውሻዋን ሳህን ለዪ፣ መስገጃው ያለበት ክፍል በሩ ይዘጋ፣ እሷ ደግሞ ልጅቷ በር ሥር የራሷ ምንጣፍ ይኑራት። በሩ ገርበብ ይበል፣ ጠረኑ እንዲደርሳት።

ሠፈር አዋቂ

ለሚጥል በሽታስ ይሆናሉ? የአጎቴ ልጅ አለበት።

ውሻ አሠልጣኝ (አዲስ አበባ)

ሲጥለው ጮሆ ሰው እንዲጠራ፣ አጠገቡ እንዲቀመጥ ማስተማር ይቻላል። ከመጣሉ በፊት እንዲያስጠነቅቅ ግን አሠለጥናለሁ የሚልህን አትመን። አንዳንዱ ውሻ በራሱ ጊዜ ያደርገዋል እንጂ አስተማማኝ ማስተማሪያ የለውም።

የቢሺሼዋ እናት (ጠያቂ)

ተመለስኩ። 21 ሌሊት ጽፌአለሁ፣ ዓይኔ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ኩኪ 9 ጊዜ ጠራችኝ። አምስቱ ከ70 በታች ነበሩ። ከአራቱ ሁለቱ ጅብ፣ አንዱ የጎረቤት ድመት፣ አንዱን አላህ ያውቀዋል። በአላርም ስነሳ ደግሞ እሷ ተኝታ ልጅቷ ወርዳ ያገኘኋት ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ 55 ነበር። አላርም ባይኖር ብዬ ሳስብ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል።

አማቴ ሸሁን ሰሙ። ምንም አላሉም። በማግስቱ አሮጌ ሰሌን ይዘው መጥተው ልጅቷ በር ሥር አነጠፉና «እዚህ ብቻ!» አሉ። ኩኪ ገብቷታል፣ ከሰሌኑ አንድ ስንዝር አታልፍም። ልጅቷን ለመቀስቀስ ካልሆነ።

ባለ ሼፐርዱ ተቀይሞናል። «ውሻዬን ናቃችሁት» ብሎ ለባለቤቴ ነግሮታል።

ውሻ አሠልጣኝ (አዲስ አበባ)

ከሰባት አምስት፣ ላልሠለጠነች ውሻ! ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ብዙ አልመካበትም፤ ግን ብትሠለጥን አያስቆጭም።

ቀን ላይ ጀምሪ። ሦስት ባዶ ብርጭቆና የወረደውን ጥጥ የያዘ አንድ ብርጭቆ ደርድሪ። እሱን ስታሸት ወዲያው፣ እዚያው ላይ እያለች እንቁላል ስጫት። አንድ ሰከንድ ከዘገየሽ የሸለምሻት ለሌላ ነገር ነው። ሲገባት ከባዶዎቹ አንዱን በደህናው ጥጥ ተኪው። ከዚያ ምልክቱን አንድ አድርጊው፣ በእጇ ጉልበትሽን መንካት ይሁን። ማላዘኑን ለጅቡ ትተወው፣ ያኔ በጨለማም ትለያቸዋለሽ። ሲበዛ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ሲሰለቻት አቁሚ።

እዚሁ ጅማ ያለሁ የእንስሳት ሐኪም

ወደፊት ማዳቀሉን ካሰብሽበት ረጋ ያለ ወንድ ላብራዶር ፈልጊ፣ ዳሌውም ይታይ። ቡችሎቹ 7 ሳምንት ሲሞላቸው አጠገባቸው የድስት ክዳን ጣይ። ደንግጦ ተመልሶ የሚያሸተውን ያዢ። አልጋ ሥር ገብቶ የሚቀረውን ለወዳጅ ስጪ።

የቢሺሼዋ እናት (ጠያቂ)

ሐኪሙ ደብተሩን አይቶ የማታውን ኢንሱሊን ቀነሰላት። ከዚያ ወዲህ 11 ሌሊት ሆነ፣ የወረደችው አንዴ ብቻ ነው፣ 63። ኩኪ ቀድማኝ ነቅታ ነበር፤ ጉልበቴን ሳይሆን አፍንጫዬን በእጇ መታችኝ። አማቴም ተነስተው ኖሮ ከበሩ ላይ ሆነው «እንቁላሏን ስጫት እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

አሁን ያለኝ ናሙና ሁለት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ ቀለጡብኝ። በሁለት ጥጥ ማሠልጠን ይቻላል?

ከስኳር ጋር 19 ዓመት (ሄርማታ)

ናሙና ጠፋ ብለሽ እንዳታዝኚ። ይጥፋ! ለጥጥ ብለሽም መክሰሷን እንዳታዘገዪ።

ውሻ አሠልጣኝ (አዲስ አበባ)

አንዱን ጥጥ በንጹህ መቀስ ለአራት ቆራርጪው፣ ለጊዜው ይበቃል። አንዱ ቁራጭ ቢበዛ ለሁለት ቀን ልምምድ ነው፣ ከዚያ ጣዪው። መቀሱን በሽንኩርት እጅ እንዳትይዢው።