ፒኬዩ ያለበት ልጄ ዝንጉ ሆነብኝ፤ ከምግቡ ነው ወይስ ከዕድሜው?

ጥያቄ፦ የአቤል እናት (ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ፒኬዩ አለበት። ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ፕሮቲን ውስጥ ፊኒላላኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የልጄ ጉበት ይህን ወደ ሌላ መለወጥ ስለማይችል በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ፣ ምስር አይነካም። እንጀራም በሚዛን ነው። እንደተወለደ ከተረከዙ በተወሰደ ደም ነው የታወቀው። ከዚያ ወዲህ በተራ ፕሮቲን ፋንታ ለፒኬዩ የተዘጋጀ ልዩ የፕሮቲን መጠጥ፣ ፎርሙላ የሚባለውን፣ ይጠጣል። እግዚአብሔር ይመስገን ጤነኛ ነው፣ በትምህርቱም ጎበዝ ነበር።

ሚድል ስኩል ከገባ ወዲህ ግን ግራ ገብቶኛል። የቤት ሥራውን ይጨርሳል፣ ግን ቦርሳው ውስጥ ይቀራል እንጂ አያስረክበውም። ሦስት ነገር ካዘዝኩት አንዱን አድርጎ ይመለሳል። ትናንት ጠዋት አውቶቡሱ ሊደርስ ሲል አንድ ካልሲ አጥልቆ ሌላውን በእጁ ይዞ አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። "ምን እየሠራህ ነው?" ስለው ደነገጠ። አባቱ "ስንፍና ነው" ይላል። መምህርቷ "ቀልቡ ክፍል ውስጥ የለም" ብላ ጻፈችልኝ።

የደሙ የፊኒላላኒን ውጤት ድሮ 4 እና 5 ነበር፣ ዘንድሮ 9 እና 10 ይመጣል። ይህ ነገር ከቁጥሩ ጋር ይገናኛል? ለትምህርት ቤቱስ ምን ልበል? አማቴ ደግሞ ከአገር ቤት መጥተዋል። ልጁ ያሳዝናቸዋል፤ "ሽሮ እኮ የጾም ነው፣ ምን ያደርገዋል?" ይሉኛል።

መልስ፦ ዳይቲሻን ነኝ (ሲያትል)

እህቴ፣ አይዞሽ። የአመጋገብ ባለሙያ (ዳይቲሻን) ነኝ። ሰነፍ ከመባሉ በፊት ቁጥሩን እንይ። አሜሪካ ውስጥ የሚመከረው በማንኛውም ዕድሜ ከ2 እስከ 6 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፣ በሌላው መለኪያ ከ120 እስከ 360 ማይክሮሞል በሊትር። ስለዚህ 9 እና 10 ከፍ ያለ ነው። ውጤቱ በዚህ መጠን ከፍ ብሎ ሲቆይ ደግሞ አንቺ የዘረዘርሽው ዓይነት ነገር ይታያል።

ለምን መሰለሽ? ፊኒላላኒንም፣ ሌሎቹ የፕሮቲን ንጥረ ነገሮች ታይሮሲንና ትሪፕቶፋንም ወደ አእምሮ የሚገቡት በአንድ በር ነው። ፊኒላላኒን ሲበዛ፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት ሚኒባስ ታክሲ በር ላይ እንደሚጋፋ ሰው እሱ ቀድሞ ይሞላውና ሌሎቹ ፌርማታ ላይ ይቀራሉ። በአእምሮ ውስጥ መልእክት የሚያቀብለው ዶፓሚን የሚሠራው ከታይሮሲን ነው። ዶፓሚን ሲያንስ ቶሎ የሚጎዳው ከግንባር በስተኋላ ያለው የአእምሮ ክፍል ነው። የዚህ ክፍል ሥራ ማቀድ፣ ቅደም ተከተል መያዝ፣ የሰሙትን በአእምሮ ይዞ መቆየት፣ የጀመሩትን መጨረስ ነው። በአግባቡ የታከመ ልጅ ማሰቡ እንደ ማንም ልጅ ነው፤ ሒሳቡንም ይሠራዋል። የሚቸገረው የሠራውን ወረቀት አስታውሶ ማስረከብ ላይ ነው። ለዚህ ነው ሰው "እያወቀ ነው" የሚለው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፎርሙላውን ትምህርት ቤት ይጠጣል? ብዙ ልጆች በዚህ ዕድሜ ሽታውን ጓደኞቻቸው እንዳይሰሙ ብለው የቀኑን ይዘሉና ማታ በአንድ ጊዜ ይጨልጡታል። ይህ ደሙን ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ፎርሙላው በቀን ሦስት አራት ጊዜ ተከፋፍሎ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ነው የሚሻለው። ታይሮሲኑም፣ ቢ12 ቫይታሚኑም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሥጋና ወተት የማይቀምስ ልጅ ፎርሙላውን ከዘለለ ቢ12ም ሊያንሰው ይችላል፤ እሱ ራሱ ያደክማል፣ ያዘናጋል። በሚቀጥለው ምርመራ አብረው እንዲያዩት ጠይቂ።

ደሙንም ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ውሰጂ። ጠዋት፣ ቁርስና ፎርሙላ ሳይቀምስ። አለዚያ የዛሬውን ከባለፈው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ትኩሳት ወይም ጉንፋን ይዞት ከሆነም ቁጥሩ ይወጣል። ሰውነት የራሱን ጡንቻ ሲያፈርስ ፊኒላላኒን ይለቀቃልና።

መልስ፦ ፍራንክፈርት 27

እኔ ራሴ ፒኬዩ አለብኝ፣ 27 ዓመቴ ነው። ቁጥሬ ሲወጣ እንደሚታወቀኝ ልንገርሽ፣ እሱ ላይነግርሽ ስለሚችል። ጭንቅላቴ ይደነዝዛል። ሰው ሲያወራኝ እሰማለሁ፣ ግን መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ጠፍቶብኛል። ሱፐርማርኬት ገብቼ መደርደሪያው ፊት ቆሜ የትኛውን እንደምወስድ መወሰን ያቅተኛል። ነጭናጫም እሆናለሁ። ቁጥሩ ሲወርድ በቀናት ውስጥ ይለቀኛል። ልጅሽን "ለምን ረሳህ?" ከማለት "ዛሬ ጭንቅላትህ እንዴት ነው?" ብለሽ ጠይቂው። እኔን እናቴ እንደዚያ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም ሳልደብቅ መናገር ለመድኩ።

በነገራችን ላይ እኛ ጋ አውሮፓ ከ12 ዓመት በላይ ላለ ሰው እስከ 600 ማይክሮሞል ይፈቀዳል፣ በእናንተ 10 ማለት ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ "10 ችግር የለውም" የሚል ብታገኚ ግራ አይግባሽ። የራስሽን ክሊኒክ ስሚ።

መልስ፦ አንድ አባት (ዳላስ)

ልጅ ካደገ ምግቡን መልቀቅ ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ። ለምን ታስጨንቁታላችሁ?

መልስ፦ ዳይቲሻን ነኝ (ሲያትል)

ወንድሜ፣ የሰማኸው ድሮ ይደረግ የነበረውን ነው። በፊት አእምሮ አድጓል ተብሎ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ምግቡን የሚያስቆሙ ሐኪሞች ነበሩ። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ በኋላ ትኩረታቸውና የትምህርት ውጤታቸው ወረደ። ዛሬ የሚባለው ለዕድሜ ልክ ነው። እባክህ ለሌላ ወላጅ እንዳትነግር።

መልስ፦ የሚኒሶታዋ እናት

የአቤል እናት፣ እኔ ስለ ማዕዱ ላውራ፤ የሐበሻ ቤት ፈተናው እሱ ነው። ጾም ማለት ሥጋና ወተት የሌለበት ማለት እንጂ ፕሮቲን የሌለበት ማለት አይደለም። 100 ግራም ደረቅ ምስር ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። የጤፍ ዱቄት ራሱ 13 ግራም ገደማ ነው። 1 ግራም ፕሮቲን ውስጥ 50 ሚሊግራም ያህል ፊኒላላኒን አለ ብለሽ አስቢው። ለአማትሽ ግን ቁጥር አታውሪ። "እማማ፣ ሽሮ ለሱ እንደ ሥጋ ነው፣ ጭንቅላቱን ያደነዝዘዋል" በያቸው። የኔ አማት ይህን ሲሰሙ ከዚያ ወዲያ ራሳቸው ጠባቂው ሆኑ።

የሚሰጡት ነገር እንዲኖራቸውም አድርጊ፤ አያት ማጉረስ ትወዳለች። ቡላ ከአገር ቤት ካመጡ በረከት ነው። ከእንሰት የሚወጣ ስለሆነ አብዛኛው ስታርች ነው፣ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ነው። በውኃና በትንሽ ዘይት ገንፎ አድርገሽ ስጪው። ቆጮም ከጤፍ ጋር አይወዳደርም። የዱባ ወጥ፣ የካሮትና የጥቅል ጎመን አልጫ፣ የቲማቲም ስልስ በልክ ይሆናሉ። እንጀራውን እኔ ፕሮቲኑ ከተቀነሰ ዱቄትና ከእርሾ እጋግራለሁ። እንደ ጤፍ ዓይን አያወጣም፣ ሲቀዘቅዝም ይሰባበራል። ትኩሱን ግን ወጥ ይይዛል፣ ልጄም ከቤተሰቡ ጋር አንድ ትሪ ላይ ይበላል። ሁሉንም መጀመሪያ ዳይቲሻንሽ ትመዝንልሽ።

ደግሞ ዳይት ኮካና ሹገር ፍሪ ማስቲካ ተጠንቀቂ። አስፓርቴም የሚባል ማጣፈጫ ያለበት ሁሉ ፊኒላላኒን አለበት፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ሚድል ስኩል ውስጥ ማስቲካ እንደ ገንዘብ ነው የሚዞረው።

መልስ፦ መምህር ነኝ (ሜሪላንድ)

ለትምህርት ቤቱ 504 ፕላን (የጤና ችግር ላለበት ተማሪ ትምህርት ቤቱ የሚያደርግለት ማመቻቸት የሚጻፍበት ዕቅድ) እፈልጋለሁ ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ልጁ ስፔሻል ኢዱኬሽን ውስጥ ባይሆንም ይሰጠዋል። ከክሊኒኩ ደብዳቤ አያይዢ። የምትጠይቂውን ቁርጥ አድርጊው፦ ትእዛዝ በቃል ብቻ ሳይሆን ተጽፎ እንዲሰጠው፣ ትልቅ ሥራ ተከፋፍሎ የየራሱ ቀን እንዲኖረው፣ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ ፎርሙላውን ነርሷ ክፍል ሰው ሳያየው የሚጠጣበት አምስት ደቂቃ። የማስረከቡን ነገር አንድ መምህር ከመውጣቱ በፊት "አቤል፣ ወረቀቱ?" ብትለው ግማሹ ችግር ይቀላል። ክሊኒካችሁም የኒውሮሳይኮሎጂ ምርመራ እንዲያዝለት ጠይቂ፤ የቱ ጋ እንደሚቸገር በትክክል ይለያል። ትኩረት ማጣቱ ቁጥሩ ከወረደ በኋላም ከቀጠለ ለብቻው መታየት አለበት።

የአቤል እናት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትምህርት ቤት ፎርሙላውን እንደማይጠጣ አሁን ጠይቄው ነገረኝ። ለአባቱም መልሶቹን አነበብኩለት፤ ዝም ብሎ ሰማ፣ "ስንፍና" አላለም። አንድ ነገር ቀረኝ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ብሎኛል። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ግን ፈራሁ። መድኃኒት የሚባለውስ ነገር አለ?

መልስ፦ ዳይቲሻን ነኝ (ሲያትል)

ከምግብ ዓይነት መጾም ለሱ የዓመቱ ኑሮው ነው። ሰዓት መጾም ግን ያለ ክሊኒኩ ፈቃድ አይሆንም። ረጅም ሰዓት ሲራብ ጡንቻው ይፈርስና ቁጥሩ ይወጣል፣ የቀኑ ፎርሙላም ይቀራል። ለንስሐ አባታችሁ ፎርሙላው መድኃኒቱ መሆኑን ንገሯቸው። ግላይኮማክሮፔፕታይድ የሚባለው ዓይነት ፎርሙላ ከወተት እንደሚወጣም ጥቀሱላቸው፤ ሌላው ከወተት አይደለም።

መድኃኒት አለ። ሳፕሮፕተሪን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 ጸድቋል፤ የሚሠራው ለአንዳንዱ ብቻ ስለሆነ በሙከራ ይታያል። በ2025 ሴፒያፕተሪን ተጨምሯል። የመርፌው ፔግቫሊያዝ በ2018 ሲወጣ የጸደቀው ለአዋቂዎች ነበር። አቤል በአንዱ ተሞክሮ ያውቅ እንደሆነ ክሊኒኩን ጠይቂ። እስከዚያ ግን ከነገው የምሳ ፎርሙላ ጀምሪ። በጥቁር ጠርሙስ፣ በደንብ ቀዝቅዞ፣ ከክዳን ጋር ይሁን። ሲቀዘቅዝ ሽታው ይቀንሳል።