ጫሞ ላይ አዞ ፎቶ ለማንሳት እስከ ምን ድረስ እንጠጋ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ስለ አዞ ገበያ ነው፤ ኩልፎ ወንዝ ጫሞ ሐይቅ በሚገባበት አካባቢ አዞዎች ፀሐይ የሚሞቁበት ዳርቻ። «ጎብኚ የጫነ ጀልባ ከ50 ሜትር ባነሰ ርቀት አይጠጋ» ተብሎ ይደንገግ ወይስ ለነጂው ይተው?

ሌንስ 400፦ ይደንገግ። ሒሳቡን ሥሩት፦ በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ 36 ሚሊሜትር ስፋት ባለው) ካሜራ 400 ሚሊሜትር ሌንስ በ50 ሜትር ላይ 4 ሜትር ተኩል ስፋት ይይዛል። 4 ሜትር የሚሆን አዞ በጎኑ ከተኛ ፍሬሙን ሞላው ማለት ነው። ነጂውን የሚጎተጉተው ስልክ የያዘው ሰው ነው። ስልክ በ10 ሜትር ላይ እንኳ 13 ሜትር ገደማ ስለሚይዝ አዞው የወደቀ ግንድ ይመስላል፤ «እስቲ ትንሽ ጠጋ በልልን» የሚጀመረው ያኔ ነው።

የዳር ልጅ፦ ሒሳብህ ልክ ነው፤ ነፋሱ ግን አልሰማም። ሞተሩን አጥፍተህ 50 ላይ ያቆምከው ጀልባ አምስት ፎቶ እስክታነሳ ተንሳፍፎ 30 ላይ ይደርሳል። ሞተር አጥፉ የሚሉ ሰዎች ደግሞ በገመድ የሚነሳ ሞተር ገመዱ መጀመሪያ ሲሳብ እምቢ ሊል እንደሚችል ይረሱታል። ዳሩ ጭቃ ነው፤ ፕሮፔለሩ ከተቀበረ አለቀ። ማርሹን ኒውትራል አድርጎ፣ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ጥልቁ አዙሮ መቆም ነው የሚሻለው።

ሌንስ 400፦ ሞተሩ እየሠራ ንዝረቱስ?

የዳር ልጅ፦ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ከሆነ የያዝከው፣ ንዝረቱን በሙሉ ወደ ካሜራው ያስተላልፋል። ተቀመጥ፤ ግማሹን ሩዝ የሞላ ከረጢት ጉልበትህ ላይ አድርገህ ሌንሱን አስደግፍ። የሹተሩን ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ አታውርድ፤ ለዚያ ሲባል አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ቢጨምር ምንም አይደለም። ደግሞ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሂድ። ቀትር ላይ ከውሃው የሚነሳው ሙቀት ምስሉን ያርገበግበዋል፤ በ50 ሜትር የትኛውም ሌንስ አያድንህም። ካሜራውን ወደ ውሃው ላውርድ ብሎ ክንዱን ከጠርዙ ውጭ ለሚያወጣ ሰው ግን ድንጋጌም አይበቃውም።

የእንቁላል ጠበቃ፦ ሁለታችሁም የምትጨነቁት ለሰው ነው። እናቲቱ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ሦስት ወር ገደማ ትጠብቃለች። ጀልባ አስደንግጧት ውሃ ከገባች አርጃኖ ደርሶ ይቆፍረዋል። ፎቶ አንሺው «ስትዘል ያዝኳት!» ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። በመራቢያ ወቅት እንቁላል ያለበት ዳርቻ በ50ም በ80ም ሳይሆን ጭራሽ ይዘጋ።

የዳር ልጅ፦ በዚህ አልከራከርም። ግን ድንጋጌው ስለ አዞ ብቻ ከሆነ ጉማሬን ረስታችኋል። አዞ ጀልባ ሲቀርበው ብዙውን ጊዜ ሹልክ ብሎ ይገባል፤ ጉማሬ ግን ውሃውን አያስደፍርም። አፉን በሰፊው ሲከፍት ብዙ ጊዜ ማዛጋት አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰው ሁሉ ካሜራ የሚያነሳውም በዚያች ቅጽበት ነው። ከእሱና ከጥልቁ ውሃ መሃል የገባ ጀልባ ከሥር ሊገለበጥ ይችላል።

ሌንስ 400፦ እንግዲያው ለጉማሬ 100 ሜትር ይባል።

የዳር ልጅ፦ ከየት ተነስተህ ልትለካ? ጠልቆ 5 ደቂቃ ያህል መቆየት ይችላል፣ ታች ታቹን እየተራመደ። አንተ የምትለካው መጨረሻ ካየህበት ቦታ ነው።