ለሆርን ስፒከር የትኛው አምፕሊፋየር ይሻለኛል?
ሰላም ቤተሰብ፣ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። አጎቴ የተዉልኝ ትልልቅ የሆርን ስፒከሮች (ድምፁን እንደ መለከት በሰፋ አፍ የሚያወጡ) አሉኝ፤ በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ላይ 104 ዴሲቤል ይሰጣሉ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ብዙ ይጮኻሉ። አምፕሊፋየሬ ግን 200 ዋት ነው፣ ጌይኑም (የገባለትን ድምፅ የሚያጎላበት መጠን) ከፍተኛ ነው። ሙዚቃው ጸጥ ሲል ከላይኛው ሆርን ሽሽሽ የሚል ድምፅ አልጋዬ ድረስ ይሰማኛል፤ የድምፁን ቁልፍ ገና ነካ ሳደርገው ደግሞ ቤቱ ይናጋል። በጣም ነው የከፋኝ፣ ምክንያቱም ማሲንቆ በእነዚህ ስፒከሮች ሲሰማ ፀጉሩ ሲፋተግ ሁሉ ይለያል።

300ቢ በሚባል የቫኩም ቱቦ የሚሠራ 8 ዋት ገደማ ያለው አምፕሊፋየር ልግዛ ወይስ ጌይኑ ዝቅ ያለ ትንሽ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር? ቱቦው ቤዙን እንዳያላላብኝ እሰጋለሁ፤ እዚህ መብራቱም ከፍ ዝቅ ይላል። የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።