ደሴና ኮምቦልቻ ለመመላለስ ያገለገለ ቪትዝ ልግዛ ወይስ ልተወው?

የቧንቧ ውሃ ነዋሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የሒሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ለስድስት ዓመታት በሚኒባስ ተመላልሻለሁ። የጠዋቱን ወረፋ ለምጄዋለሁ፤ ነገር ግን የወር መዝጊያ ሰሞን ከሥራ የምወጣው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ደሴ እስክገባ ድረስ ያለውን ጭንቀት እኔና ባለቤቴ ነን የምናውቀው። ስለዚህ የዕቁቡን ገንዘብና የቁጠባ ማኅበሩን ብድር አብቃቅተን አነስተኛ ያገለገለ መኪና ለመግዛት ወስነናል።

ያየነው መኪና እ.ኤ.አ. በ2007 የተሠራ፣ 1000 ሲሲ፣ አውቶማቲክ ቶዮታ ቪትዝ ነው። ደላላው ሞተሩ እንዳልተከፈተና ቀለሙም የፋብሪካ እንደሆነ ነግሮናል። ከፒያሳ እስከ ሆጤ ነድቼው መሪው ቀላል፣ መታጠፊያ ላይም ታዛዥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሆኖም መብራት ላይ ቆሜ ሳለ ወንበሩ ሥር ንዝረት ተሰማኝ፤ ደላላውም «የሦስት ሲሊንደር ባሕርይ ነው» ብሎ አለፈው። በሌላ በኩል የሥራ ባልደረባዬ፣ ትንሽ ጨምረህ ማንዋል ሱዙኪ ዲዛየር ግዛ ይለኛል፤ ጭማሪው ግን ለእኛ ትንሽ አይደለም።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ይህ ሞተር እኔን፣ ባለቤቴን፣ ሁለት ልጆቻችንንና እናቴን ይዞ የኮምቦልቻን ዳገት በየጊዜው መውጣት ይችላል? በእንዲህ ያለች መኪና በዚህ መንገድ የተመላለሳችሁ ሰዎች፣ ከገዛችሁ በኋላ ያማረራችሁና ሻጭ የማይናገረው ጉድለት የትኛው ነው?

የጋራዥ ሰው ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ በንዝረቱ አብሽር፤ ግን እስከ መጨረሻው አትመነው። የሁለተኛው ትውልድ ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ በእርግጥም ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው፤ ቆሞ ሲሠራ ትንሽ መንቀጥቀጥ በተፈጥሮው አለበት። ፍሬን ይዘህ ማርሹን ዲ ላይ ስታስገባ መንቀጥቀጡ እጅግ ከባሰና ዳሽቦርዱን የሚያንጫጫ ከሆነ ግን፣ ሞተሩን የሚሸከሙት ጎማዎች አልቀዋል ወይም አንዱ ካንዴላ በአግባቡ አይሠራም ማለት ነው። ይህ ያለ ብዙ ወጪ የሚጠገን ስለሆነ ዋጋ ለመቀነሻ ተጠቀምበት እንጂ መኪናውን ለመተው ምክንያት አታድርገው።

ዋናው ጉዳይ ከፍታው ነው። ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ጉልበቱ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ገደማ ያጣል፤ ደሴ ወደ 2500 ሜትር ስለምትጠጋ፣ አዲስ ቢሆን እንኳ እዚህ የሚደርሰው ሩብ ያህሉን ጥሎ ነው። አሁን አንድ ቶን ገደማ የሚመዝነው መኪና ላይ አምስት ሰው ጨምርበት። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣለህ። መውጣቱን ይወጣል፤ እኔም ብዙዎች ሲወጡ አያለሁ። የማይችለው ከባድ መኪናን ቀድሞ ማለፍ ነው። ተሳቢ ተከትለህ ዳገቱ ላይ ዶሮ መዝለያ የሚባለው ቦታ ጋ ስትደርስ፣ በሜዳ በሁለት ትንፋሽ የምታልፈውን እዚያ ስትጀምረው መኪናው እየጮኸ ከተሳቢው ጎን ይቀራል፤ ከላይ ደግሞ ሌላ መኪና ይመጣል። ይህን መኪና የምትገዛ ከሆነ፣ ዳገቱ ላይ ከባድ መኪና መቅደም የሚባለውን ነገር ከወዲሁ እርም ማለት አለብህ። ዲዛየር 1200 ሲሲና አራት ሲሊንደር ስላለው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በከፍታው ምክንያት ከጉልበቱ ያንኑ ድርሻ ያጣል።

ከፒያሳ እስከ ሆጤ መንዳት ፈተና አይደለም። መኪናውን ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ማለዳ ራስህ አስነሳው፤ ሻጩ ቀድሞ አሙቆት ከጠበቀህ ተመለስና ሌላ ቀን ና። ከዚያ ሦስት ሰው ጭነህ ወደ ኮምቦልቻ ውረድ፤ ማርሹን ቀንሰህ ሞተሩ እንዲይዝልህ አድርግ። ታች ስትደርስ ቁምና መዳፍህን ሳታስነካ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ እንደ ምጣድ የሚፋጅ ከሆነ የዚያ ጎማ ፍሬን አይለቅም። ፔዳሉ መጀመሪያ ከነበረበት ዝቅ ብሎ ከሰጠመ ደግሞ የፍሬን ዘይቱ አርጅቷል ወይም ሸራው አልቋል። ከዚያ መልሰህ ሽቅብ አውጣው፤ የሙቀቱን መብራት እየተከታተልክ።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚከስርበት እዚህ ላይ ነውና። በደሴ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩ ደግሞ ጤነኛ ሆኖ የሚሠራው በዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት አምቆ መያዙ ነው። ክዳኑ ጎማው የደረቀና የሚያስተነፍስ ከሆነ፣ ራዲያተሩ ሙሉ ቢሆንም መኪናው ዳገት ላይ ይፈላል። አንዳንድ ጋራዥ ችግሩን ለመሸፈን ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዘውን ክፍል፣ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በደሴ ብርድ ሳይሞቅ ይውላል፣ ቤንዚኑም ይጨምራል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ከፍተህ እይ፤ ውሃው የዛገ ወይም ዘይት ያረበበበት ከሆነ ተሰናበት።

አውቶማቲኩ የትኛው ዓይነት እንደሆነም አጣራ። ቪትዝ በባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክም፣ የተወሰነ የማርሽ ደረጃ በሌለው ሲቪቲ በሚባለው አውቶማቲክም ወጥቷል፤ የሁለቱ የካምቢዮ ዘይት አንድ አይደለም። የተሳሳተ ዘይት የተሞላ ሲቪቲ በሜዳ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ዳገት ላይ ግን ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አይሄድም።

መምህርት ከሰኞ ገበያ

እኔ እንዲህ ያለችውን መኪና አራት ዓመት ነድቻለሁ፤ ስለዚህ ጋሼ የጋራዡ ሰው ያሉትን በሙሉ እየደገፍኩ፣ ከመሪው ጀርባ ሆኜ ያየሁትን ልንገርዎ።

ቪትዝ የሚባለው የዚህ መኪና የጃፓን ገበያ ስም ነው፤ ይኸው መኪና በአውሮፓ ሲሸጥ ያሪስ ይባላል። ጃፓን ደግሞ በግራ የሚነዳበት፣ መሪውም በቀኝ ያለበት አገር ነው። ስለዚህ መሪው በግራ የሆነ ቪትዝ ባዩ ቁጥር፣ አንድ ቦታ አንድ ሰው ዳሽቦርዱን ነቅሎና ብረቱን ቆርጦ መሪውን አዙሮታል ማለት ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ከገዛሁ በኋላ ነበር። ምልክቶቹ ግን ዓይን ላይ ያሉ ናቸው። የፍሬቻው ማንሻ እንደ ጃፓኑ በቀኝ እጅ በኩል ቀርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። የመስታወት መጥረጊያውን ያሠሩት፤ ሳይጠረግ የሚቀረው ጥግ ከእርስዎ ፊት፣ በግራ በኩል ወደ ላይ ከሆነ አልተስተካከለም። ማታ ደግሞ ግድግዳ ፊት አቁመው አጭሩን መብራት ያብሩት። በእኛ አነዳድ ብርሃኑ በቀኝ በኩል ከፍ ማለት ሲኖርበት በግራ ከፍ ካለ፣ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይኑ ላይ እያበሩበት፣ የራስዎን የመንገድ ዳር ግን በጨለማ እየነዱት ነው። በክረምት፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሲውጠውና ከገደሉ በኩል ናዳ አስፋልቱ ላይ ሲንከባለል፣ ያ ያልተጠረገው ጥግና ያ የተሳሳተ መብራት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ይገባዎታል። እኔ አምፖሉን በመቀየር የሚስተካከል መስሎኝ ነበር፤ ሙሉ ፋኖሱን ነው ያስለወጠኝ።

ሌላው ዝቅታዋ ነው። ከመሬት ያላት ከፍታ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በአስፋልት ችግር የለውም፤ ነገር ግን የደሴ ሰፈሮች ኮብልስቶንና አቀበት ናቸው። እኔ ወደ ግቢዬ ስገባ አምስት ሰው ተሳፍሮ ከሆነ ሁለቱን ከመታጠፊያው ላይ አወርዳለሁ፤ አለበለዚያ ማርሚታው ድንጋይ ይልሳል። ልጆች ይህን ለምደውት መኪናው ሳይቆም በሩን ለመክፈት ይሽቀዳደማሉ። ግዢ ከሄዱ ደግሞ የጤፍ ኩንታሉና እናትዎ በአንድ ጉዞ አይመጡም፤ የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ጠባብ ስለሆነ ወንበሩ መታጠፍ አለበት።

ስለ ሙቀቱ የተባለውን በራሴ ላይ ደርሶ አይቼዋለሁ። በገዛሁ በሦስተኛው ሳምንት ከኮምቦልቻ ስመለስ፣ ልጄ ከኋላ ተኝታ ሳለ፣ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ። ሻጩ ከመሸጡ በፊት አንድ ጋራዥ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክዳን) ጓርኒሲዮን መቃጠሉን እያወቀ በሚደፍን ኬሚካል ሸፍኖት ነበር። ልጄን ታቅፌ መንገድ ዳር የቆምኩባትን ያችን አንድ ሰዓት አልረሳትም። ደግነቱ ከዚያ በኋላ ሞተሩ በትክክል ተሠርቶ አላስቸገረኝም፤ መለዋወጫውም ደሴ ላይ በቀላሉ ይገኛል፣ ቤንዚንም በእኔ አነዳድ ለ100 ኪሎ ሜትር ሰባት ሊትር ያህል ነው የምትጠጣው። አልጠላኋትም። ነገር ግን ስገዛት ይህን ሁሉ ባውቅ ኖሮ ወይ ዋጋዋን በብዙ አስቀንሳለሁ፣ ወይ ሌላ እፈልጋለሁ።

የሰነድ ሠራተኛ ከአራዳ

ስለ መኪናው አካል በቂ ተብሏል፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ብቻ ልናገር። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራስዎ ብረቱ ላይ አንብበው ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት አጭር የሻንሲ ቁጥር አላቸው፤ የ2007ቱ ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ «ኬ ኤስ ፒ 90» ብሎ ይጀምራል። ፈረንሳይ ውስጥ የተሠራው ያሪስ ግን ባለ 17 አኃዝ ቁጥር አለው፤ የሚጀምረውም «ቪ ኤን ኬ» በሚሉት ፊደላት ነው። ስለዚህ ያሪስ የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ቁጥሩ አጭር ከሆነ፣ መሪው የዞረ ቪትዝ ነው። ቀረጥ ነፃ የገባ፣ ባንክ ዋስትና የያዘው ወይም ፍርድ ቤት ያገደው አለመሆኑን መኪናው ከተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ሳያረጋግጡ ቀብድ አይስጡ። ስም ሳይዞር በውክልና ብቻ መግዛት የሚባለውን ምክር ከማንም አይቀበሉ፤ ሻጩ ቢሞት ወይም ዕዳ ቢኖርበት ተከራካሪው እርስዎ ነዎት።

ዋጋው ይወርዳል ብለው የሚጠብቁም ከሆነ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አክብዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተወዶ የተቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የቧንቧ ውሃ ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት እንደተባልኩት አድርጌ ሦስት ባልደረቦቼን ይዤ ሞከርኩት። ፍሬኑ ጥሩ ነበር፤ አራቱም ቸርኬ እኩል ሙቀት ነበራቸው። ሽቅብ ስንመለስም አልፈላም፤ ሆኖም አንድ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ተከትለን ከግማሹ በላይ ያለውን ዳገት በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው የጨረስነው፤ ለመቅደምም አልሞከርኩም።

መምህርት እንዳሉት የፍሬቻው ማንሻ በቀኝ ነው። ማታ ግድግዳ ላይ ያበራሁት መብራት በግራ ከፍ ይላል። በመጨረሻ በሻጩ ፈቃድ ከሾፌሩ እግር ሥር ምንጣፉን ገልጠን ስናይ፣ ብረቱ በእጅ የተበየደ ሆኖ ብየዳው ዳር ዳሩን ዝጓል፤ አንዱ ጋ ጣቴን ሳሳርፍበት ዝገቱ ተፈርፍሮ ወረደ። የመሪው ዘንግ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። ባለቤቴ ይህን አይታ ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ ቁልፉን ለሻጩ መለስን።

አሁን ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ አካባቢ፣ ማንዋል የሆነ 1300 ሲሲ ያሪስ አግኝተናል። የሻንሲ ቁጥሩ ባለ 17 አኃዝ ነው፤ ፍሬቻውም በግራ ነው። ቀለሙ የደበዘዘ፣ የኋላው በር የተጋጨ ነው። ጋሼ፣ ጊዜ ካለዎት ቅዳሜ ቢያዩልኝ የድካምዎን እከፍላለሁ።

የጋራዥ ሰው ከኮምቦልቻ

ደግ አድርጋችኋል፤ የዛገ ብየዳ ላይ የቆመ መሪ በምንም ዋጋ አይገዛም። በሩ የተጋጨ ቢሆን ግድ የለህም፤ ማግኔት ይዘህ ስቱኮ ያለበትን ቦታ ለይ፤ ግጭቱ ከበሩ አልፎ ወደ ምሰሶው ከገባ ብቻ ነው የሚያሳስበው። ማንዋል ስለሆነ ፍሪሲዮኑን ዳገት ላይ እንፈትሸዋለን፤ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ብቻውን ከጮኸ አልቋል። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ ለባለቤቱ ሞተሩን እንዳያስነሳ አደራ በለው፤ ቀዝቅዞ ያደረውን ሞተር ራሴ ማስነሳት እፈልጋለሁ።